የሙከራ ካሴት

የታሪክ ተማሪ ሆኜ አላውቅም። የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ እሱንም እስከ ዲፕሎማ። ይሁንና በ2000 ዓ.ም. ገና ተማሪ ሳለሁ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ነጥብ የሚሰጥ መምህር ወይም ወጪ የሚችል ድርጅት ሳይኖር፣ «የታሪክ ጥናት ጀምሬአለሁ» ብዬ ለጓደኞቼ አወጅኩ። ጓደኞቼ ሳቁ። አንደኛው «ስትጨርስ ፕሮፌሰር እንልሃለን» አለኝ። አልጨረስኩም፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ፕሮፌሰር ይለኛል።

ነገሩን የጫረው ጭስ ነው። በኅዳር 12 ቀን አዲስ አበባ የነበረ ሰው ጭሱን ያውቀዋል። በየደጃፉ ተጠርጎ የተከመረ ጉድፍ፣ የደረቀ ቅጠል፣ አሮጌ ሰሌን፣ አንዳንዴም የተጣለ ጫማ ሳይቀር ይነዳል። ዐይን ይቆጠቁጣል፤ የተሰጣ ልብስ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል። «ኅዳር ሲታጠን» እንለዋለን። ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጉለሌ እኛ ደጅ እምዬ፣ አያቴ ማለቴ ነው፣ በሰማንያ ስድስት ዓመቷ ጎንበስ ብላ እሳቱን በእንጨት ስትቆሰቁስ አገኘኋት። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ የመጣ ነው ሲባል በዚያው ሰሞን ሰምቼ ነበር። ጭሱ መሐል ቆሜ «ይህን የሚጽፍ ሰው እኔ ነኝ» አልኩ። በሃያ ዓመት ዕድሜ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ለራሱ ይላል።

በማግስቱ ባለ 100 ሉክ ደብተር ገዛሁ። በሽፋኑ ላይ በትልቁ «የበሽታ ታሪክ በኢትዮጵያ፣ ከጥንት እስከ ዛሬ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ አሥራ ሁለት ምዕራፍ አወጣሁ። ምዕራፎቹን በሁለት ቀለም አሰመርኳቸው። ከወር በኋላ ደብተሩ ውስጥ ያለው እነዚያው አሥራ ሁለት የምዕራፍ ርዕሶች ብቻ ነበሩ።

ወሩን የበላው ደብዳቤ ፍለጋ ነው። ሰነድ ይኖርበታል ወደ ተባለ አንድ መሥሪያ ቤት ስሄድ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ወደ ትምህርት ቤቴ ስመለስ፣ ጥናቱ የትምህርቱ አካል ስላልሆነ ደብዳቤ ሊጻፍልኝ እንደማይችል ተነገረኝ። «ታዲያ የትምህርቱ አካል አድርጉልኝ» ብል፣ የዲፕሎማ ተማሪ የምርምር ሥራ እንደሌለው አስረዱኝ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። አንዷ ጸሐፊ እንዲያውም አዝናልኝ ሻይ ጋብዛኛለች። ግን በሁለት ቢሮዎች መካከል በታክሲ ስመላለስ ወሩ አለቀ፤ የታክሲውም ገንዘብ አለቀ።

ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ የታሪክ መምህር ነበሩ። ሰው እንዳይመጣባቸው የሚፈልጉ የሚመስሉ፣ ሲመጣባቸው ደግሞ የማይለቁ ዓይነት ሰው ናቸው። ብሶቴን ልነግራቸው ሄድኩ። ደብተሬን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና ሽፋኑን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ከጥንት ስትል ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ዝም አልኩ።

«በል እንግዲህ፤ አንድ በሽታ ያዝ፤ አንድ ከተማ ያዝ፤ አንድ ዓመት ያዝ። እሱም ከበዛብህ አንድ ሰፈር ይበቃሃል። ደብዳቤ ሳይጠየቅ የሚያናግርህ ሰው ከቤትህ የለም?»

ነበረች እንጂ። እንዲያውም ጠዋት ቁርስ የሰጠችኝ እሷ ነበረች።

ከክፍል ጓደኛዬ ካሴት መቅጃ ተዋስኩ። ባትሪው እንዳይሞትብኝ፣ ድምፁም እንዲጠራ፣ ከዋናው ቃለ መጠይቅ በፊት ልሞክረው ብዬ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እምዬ ምስር ስትለቅም አጠገቧ አስቀምጬ ከፈትኩት። ምን እንደምጠይቃት እንኳን አላሰብኩም። አፌ ላይ የመጣልኝን ጠየቅኳት።

«እምዬ፣ ኅዳር ሚካኤል ለምንድን ነው ጉድፉን የምታቃጥዪው?»

«ለምን ማለት ምንድን ነው? ክረምት ያመጣው ጉድፍ በምን ይወጣል ታዲያ?»

ከዚያ በኋላ ካሴቱ ላይ ለጥቂት ጊዜ የሚሰማው ምስሩ ሰፌዱ ላይ ሲንኳኳ ብቻ ነው። እኔ የምለው አጥቼ ዝም ብያለሁ። ያ ዝምታዬ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያን ጊዜ አላወቅኩም። እሷው ቀጠለች፦

«እናቴ ግን ነፋሱን ያባርራል ትል ነበር። ያ ልጅ የሞተ ጊዜ የመጣውን ነፋስ። ሰገሌ በሆነ በሁለተኛው ዓመት፤ ዘመነ ሉቃስ ነው ትላለች። ከኔ በፊት ከሌላ ሰው የወለደችው ልጅ ነው። የፊት ጥርሱ ወልቆ ነበር አለች። እሷም ታማ ወድቃ ነበር፤ ቀባሪ የለም። አንድ የጎረቤት ሰው መጣና በቁርበት ጠቅልሎ ተሸክሞት ወጣ። ሰውየውም በዚያው አልተመለሰም። የት እንደቀበረው አታውቅም። ስሙን ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም፤ ‹ያ ልጅ› ነው የምትለው። … ይሄ ነገር ይሠራል?»

«እየሞከርኩት ነው» ይላል የኔ ድምፅ። ካሴቱ እዚያ ላይ ይቆማል።

ካሴቱ ላይ «ሙከራ» ብዬ ጻፍኩና መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ሌላ ነገር ልቀዳበት ነበር ሐሳቤ። ዓመተ ምሕረት አልጠራችም፤ የበሽታውን ስም አታውቅም፤ ቁጥር የላትም። ከዚህ ምን ታሪክ ይወጣል?

ቁጥሩንና ስሙን ፍለጋ ወደ መጻሕፍት ሄድኩ። ይህ የጥናቴ ደስተኛ ዘመን ነው፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ባሉት መጽሐፋቸው ውስጥ በአዲስ አበባ ከአሥር ሺህ በላይ ሰው እንደሞተ ጽፈዋል። በዚያ ዘመን አልጋ ወራሽ ነበሩ፤ እሳቸውም በበሽታው ክፉኛ ታመው ነው የተረፉት። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በአውሮፓውያን 1975 ስለዚሁ ወረርሽኝ ረጅም ጥናት አሳትመዋል። የመርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስንም ትዝታ አነበብኩ፤ ከ1896 እስከ 1922 ዓ.ም. ያዩትንና የሰሙትን ያሰፈሩበትን። ዘመኑ ከተጻፈ ነገር ወጥቶ ሰው የሚኖርበት አገር ሆኖ የታየኝ በእሱ ነው።

ካነበብኩት ሁሉ የገረመኝ የጊዜው መገጣጠም ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በበቅሎና በግመል ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደሩ በሦስት ቀን የሚያልቅ ሆነ። በግመል ጉዞ ላይ የታመመ ነጋዴ በረሃው ውስጥ ወይ ይድናል ወይ ይሞታል፤ በባቡር የመጣ ግን ገና እያስነጠሰ ከተማው መሐል ይወርዳል። ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. አውሮፓ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ደወል ስትደውል፣ በሽታው በመላው ዓለም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው እየጨረሰ ነበር። «የስፓኝ በሽታ» መባሉ ስፓኝ ላይ ስለጀመረ አይደለም። ስፓኝ ጦርነቱ ውስጥ ስላልነበረች የጋዜጦቿ አፍ አልተለጎመም፤ ስለ በሽታው በግልጽ ስለጻፉ ስሙ ለእሷ ቀረ። የጋዜጠኝነት ተማሪ ይህን ሲያነብ እንዴት እንደሚቆጭ አንባቢ ይገምተው።

የቀን አቆጣጠሩ ግን ጉድ ሠራኝ። ከፈረንጁ ዓመት ላይ ሰባት እየቀነስኩ ነበር የምጽፈው። ኖቬምበር 1918 ሰባት ሲቀነስ 1911 ነው፤ ልክ ነው። ከባዱ የበሽታው ማዕበል በፍሪታውን፣ በብሬስትና በቦስተን ወደቦች የተነሳው ግን ኦገስት 1918 ነው፤ እኔም ሰባት ቀንሼ «ነሐሴ 1911» ብዬ አሰፈርኩ። መስከረም ከመጥባቱ በፊት ስለሆነ ስምንት መቀነስ እንዳለበት ረሳሁት። ስለዚህ በእኔ ደብተር በሽታው አዲስ አበባን ከፈጀ ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው ቦስተን ላይ የሚጀምረው። ይህን ለሁለት ሳምንት ሳላስተውል ይዤ ዞሬአለሁ፤ እንዲያውም «ምዕራባውያን የደበቁት እውነት» የሚል ርዕስ ልሰጠው ከጅሎኝ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ታጥቄ ነው ወደ እምዬ የተመለስኩት። ሠላሳ ሁለት ጥያቄ አዘጋጅቼ፣ በቁጥር ተርታ አስይዤ፣ እሷንም ነጠላዋን አስተካክላ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ አድርጌ። ስድስተኛው ጥያቄ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «በኅዳር በሽታ፣ ማለትም በኢንፍሉዌንዛ፣ በ1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከአሥር ሺህ በላይ ሰው እንዳለቀ ተጽፏል፤ እናትሽ ስለዚህ ምን ትል ነበር?» እምዬ «አዎ፣ ብዙ ሰው አልቋል» አለች። አሥራ አራተኛው ደግሞ፦ «ልጁ የሞተው በኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት ይሆን?» እዚህ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። «ሊሆን ይችላል» አለች፤ ቆይታም፣ «አዎ፤ ለካ ለዚያ ነው እሳቱ።»

ከሳምንት በኋላ ያልጨረስነውን ልንጨርስ ሦስተኛውን ካሴት ቀዳሁ። እምዬ አሁን ተለማምዳለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ዐረፍተ ነገሩን እየጨረሰች ነው የምትናገረው። «እናቴ፣ በእንፍሎንዛ አሥር ሺህ ሰው አለቀ ትል ነበር። ያ ልጅም በሚካኤል ዕለት ነው የሞተው።» ልቤ ቆመ። ንጉሠ ነገሥቱ የጻፉትንና ጉለሌ ውስጥ ያለች ፊደል ያልቆጠረች ሴት የነገረችኝን አንድ ሆኖ አገኘሁት። ደብተሬ ላይ በቀይ ብዕር «የጽሑፍና የቃል ምንጮች ተስማሙ» ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። በዚያው ሌሊት ሃያ ገጽ ጻፍኩ። ልማዱ ከበሽታው እንደመጣ፣ ኅዳር 12 የተመረጠውም ለምን እንደሆነ፣ ሁሉንም በአያቴ ምስክርነት አጸናሁት። የመጀመሪያውን መልሷን፣ የክረምቱን ጉድፍ፣ አልጠቀስኩትም። ለነገሩ ትዝም አላለኝም።

ሃያውን ገጽ ለመምህሩ ይዤ ሄድኩ። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡትና «ካሴቱን አምጣው» አሉኝ። አመጣሁ። ሁለተኛውን ካሴት ከአንገታቸው ዘንበል ብለው ሰሙት። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ አቁመው ወደ ኋላ መለሱትና ደግመው ከፈቱት።

«ይህ አሥር ሺህ የሚለው ድምፅ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ሚካኤል ዕለት የሚለውስ?»

ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ ሦስተኛውን መስማትም አላስፈለጋቸውም። ቡና እስኪፈላ ድረስ ተቀመጥን። ፊቴ እንደ ምድጃ ይግል ነበር። «እንፍሎንዛ»ን እምዬ የት ታውቀዋለች? በሕይወቷ ሰምታው የማታውቀውን ቃል ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እሷም ለልጅ ልጇ አዝና፣ ቃሉን አክብራ ይዛ መልሳ ሰጠችኝ። እንደ ምስክር አቆምኳት እንጂ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ።

ከቡናው በኋላ መምህሩ «ሌላ ካሴት የለህም?» አሉኝ። «የሙከራ አለ፤ ግን ምንም የለበትም» አልኩ። «እሱን አምጣው።»

ምስሩ ሲንኳኳ ሰሙ። የክረምቱን ጉድፍ ሰሙ። ዘመነ ሉቃስ የሚለው ላይ እጃቸውን አነሱ።

«ይህንንስ ማን ነገራት?»

«እኔ አይደለሁም፤ እኔ ዘመነ ወንጌላዊ መቁጠርም አላውቅም።»

እርሳስ አነሱና በሃያ ገጽ ጽሑፌ ጀርባ ላይ ደመሩልኝ። 5500 እና 1911 ሲደመር 7411። ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ። ሉቃስ። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው፤ ሁለት ዓመት ሲታከልበት 1911። ስም፣ ቁጥርና ዓመተ ምሕረት የላትም ብዬ የጣልኳት ሴት ዓመቱን በሁለት መንገድ ነግራኛለች።

«ከአራት አንዱን ወንጌላዊ በግምት ብትጠራም ልክ የምትሆንበት ዕድል አለ» አሉ መምህሩ፣ እንዳልፈነጥዝ ብለው። «ሰገሌ ግን ሲጨመርበት ይጠብቃል።» ቀጥለውም ጉድፉንና ነፋሱን አንድ ላይ መናገሯን አሳዩኝ። ልማዱ ከክረምት በኋላ የሚደረግ ጽዳት ነው የሚሉ አሉ፤ ከበሽታው የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ እምዬ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ተናግራለች፤ እኔ ያንን ነው በቀይ ብዕር አንዱን ያስመረጥኳት።

ሃያውን ገጽ ጣልኩት ማለት እችል ነበር፤ ግን አልጣልኩትም፤ አረምኩት። አራት ገጽ ሆነ። በአራቱ ገጽ ውስጥ ነፋስ አለ፣ ቁርበት አለ፣ ጥርሱ የወለቀ ልጅ አለ፣ ሳይመለስ የቀረ ጎረቤት አለ። አሥር ሺህ የሚለው አለ፤ የተጠቀሰው ግን ከንጉሠ ነገሥቱ መጽሐፍ እንጂ ከእምዬ አይደለም። ያን ጊዜ የሚያትመው አላገኘሁም።

ወረቀት መታረሙ ቀላል ነው። የቸገረኝ ሌላው ነው።

በተከታዩ ዓመት፣ በ2001 ኅዳር 12 ቀን፣ እምዬ በጠዋት ተነስታ ነጭ ለብሳ ጧፍ ይዛ ስትወጣ አየኋት። «ወዴት ነው?» አልኳት። «ሚካኤል። ዛሬ ወንድሜ ያረፈበት ቀን አይደል» አለችኝ። ዕድሜ ልኳን «ያ ልጅ» ስትለው ኖራ ወንድሜ አለችው። መቃብሩ የማይታወቅ፣ ስሙ ያልተጠራ ልጅ ቀን አገኘ፤ ቀኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ በአሥራ አራተኛው ጥያቄ። ኅዳር ላይ ስለመሞቱ እንኳን በሙከራው ካሴት ላይ ያለችው ቃል የለም።

አልነገርኳትም። ይህን ነገር ያጫወትኳቸው አንዳንድ ሰዎች እንደ ደግነት ይቆጥሩልኛል፤ እኔ ግን ያኔ የተሰማኝ ፍርሃት መሆኑን አውቃለሁ። ምን ልበላት? «እምዬ፣ ቀኑን ከራሴ አመጣሁት፤ ወንድምሽ ቀን የለውም» ልበላት? በየዓመቱ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ፣ በየዓመቱ ጧፉ እየነደደ፣ በ2007 እሷም አረፈች። ሰባት ኅዳር ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ ሁሉም ሰው የኅዳር በሽታን አስታወሰ። አንድ አዘጋጅ ደወለልኝ፤ አያቴን መቅዳቴን ከሰው ሰምቷል። ከሙከራው ካሴት የገለበጥኩትን ላክሁለት። «ይሄ ብቻ ነው? ቁጥር የለውም? የሞተበት ቀንስ?» አለኝ። «የለውም» አልኩት። ሲታተም ርዕሱ ላይ አሥር ሺህ የሚለው በትልቁ ነበር፤ ነገሩ ሁሉ በአያቴ አፍ የተነገረ አስመስሎ። ደውዬ ተቆጣሁ። ስቆጣ ግን ድምፄ ሙሉ አልነበረም።

ካሴቶቹ እንዳይበላሹ ፒያሳ ወደ ሲዲ አስገልብጬአቸዋለሁ። የመጀመሪያው ላይ «ሙከራ» የሚለውን እንዳለ ተውኩት። ሁለተኛው ላይ «ጠያቂው ሲመልስ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሦስተኛው ላይ «ከጠያቂው የተማረችው»። አንድ ቅጂ ለእናቴ ሰጠኋት። እናቴ ጽሑፉን አላነበበችውም መሰለኝ፣ ስለ እሱ ጠይቃኝ አታውቅም። የምትወደው ሦስተኛውን ነው። እምዬ ድምፅዋ የሚጠራው፣ ሳትቋረጥ የምታወራው እዚያ ላይ ነው ትላለች፤ እውነቷን ነው። ሙከራውን አንድ ጊዜ ሰምታው «ምስር ነው የሚሰማው» ብላ ተወችው።

ባለፈው ኅዳር 12 ጠዋት እናቴ ነጭ ለብሳ ጧፍ ይዛ ወጣች። አጎቷ ያረፈበት ቀን ነው። ከኋላዋ ተከትዬ ሄድኩ፤ መንገድ ላይ ጭሱ ስላስቸገራት ክንዷን ያዝኳት።